የእመቤት ማቲልዳ የጸሎት ጥግ

የሄዘርኮት ግንብ ከሩቅ ሲያዩት ግንብ ይመስላል። ሲጠጉት ግን ሦስት ግድግዳና ግማሽ ማማ ነው። የቀረውን የአካባቢው ገበሬዎች በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ ቀስ እያሉ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ፣ ድንጋይ በድንጋይ ወስደው የአሳማ ጋጣ ሠርተውበታል። ሃምፍሪ ታስከር ይህ ሲነሳ አይወድም። ጎብኚ ሲያስጎበኝ "ግንቡ በጦርነት ፈረሰ" ይላል እንጂ አሳማ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ በበጎ ፈቃድ የግንቡ አስጎብኚ ነው። ግንቡን ከሠሩት ጌቶች ይልቅ እሱ ሳይወደው አይቀርም፤ እነሱ እንኳ ብርድ ሲገባ ትተውት ይሄዱ ነበር።

በሰሜኑ ግድግዳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጥግ አለች። ሁለት ሰው ተጣብቆ ቢቆም የምትሞላ፣ አንዲት ቀጭን መስኮት ያላት፣ ከሥሯ የተቦረቦረ የድንጋይ መደብ ያለባት ናት። ስሟ የእመቤት ማቲልዳ የጸሎት ጥግ ነው። ሃምፍሪ ሰዉን በበሩ፣ በውሃ ጉድጓዱ፣ በማማውና በማዕድ ቤቱ አዙሮ አዙሮ መጨረሻ ላይ እዚያ ያደርስና ኮፍያውን ያወልቃል። እመቤት ማቲልዳ ባሏ ዘምቶ ሰባት ዓመት ሲቀርባት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ተንበርክካ ጸለየች። ድንጋዩ የተቦረቦረው በጉልበቷ ነው። በመደቡ መሃል ያለችው ክብ ቀዳዳ ደግሞ ከታች ለሚጠብቁ ድሆች ዳቦ የምትወረውርባት ናት። ይህን ሁሉ ያገኘው አንድ የድሮ ቄስ ከጻፉት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ ይባላል፤ ደግ ሰው ደግሞ ቀዳዳ ሲያይ የሚታየው ዳቦ ነው።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "እኔም ባለቤቴን ሄስተርን ላግባሽ ብዬ የጠየቅኳት እዚሁ ነው" ይላል። ሴቶቹ "ውይ!" ይላሉ፤ ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎረምሳ እዚያ ተንበርክኳል። ሃምፍሪ ይህን ጥግ የሠራው ሰው ራሱ የሆነ ያህል ይኮራበታል።

ደብዳቤው የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ዶክተር ኢሞጀን ፔል የምትባል የጥንት ሕንጻ አጥኚ በፀደይ መጥታ ግድግዳውን ለክታ፣ ከግድግዳው ሥርም አፈር ቆፍራ በትንንሽ ብልቃጥ ይዛ ሄዳ ነበር። ሴትየዋ ጨዋ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ይቅርታ ጠየቀች፤ በአራተኛው ደግሞ ሃምፍሪ ስላቀረበላት ብስኩት አመሰገነች። በአምስተኛው ላይ "በተለምዶ የጸሎት ጥግ የሚባለው ስፍራ በዘመኑ የግንቡ ነዋሪዎች መጸዳጃ እንደነበር ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል" አለች። ከዚያም አከለችበት፦ "የድንጋዩ መቦርቦርም በጉልበት የመጣ አይመስልም።" አዲስ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሰኞ ይተከላል።

ሃምፍሪ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ በጓሮው ዕቃ ቤት ከአበባ ማሰሮዎች ሥር ቀበረው። የጎብኚው ነገር አላሳሰበውም። ቄሱም ሞተዋል፤ እሳቸውም አይታዘቡትም። የጨነቀው ሄስተር ነበረች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ላግባሽ ብሎ ከጠየቃት ልክ አርባ ዓመት ይሞላል። በየዓመቱ በዚያች ቀን ሄስተር ቅርጫቷን ይዛ መጥታ በዚያች ጥግ ምሳቸውን አብረው ይበላሉ። እንዴት አድርጎ "የኔ እመቤት፣ ቀለበት ያጠለቅኩልሽ ሽንት ቤት ውስጥ ነው" ይበላት? ሆድ ይፍጀው አለና ዝም አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ካፊያ ነበር። ሄስተር የእንቁላልና የኪያር ሳንድዊቹን፣ የሎሚ ኬኩንና የሻዩን ፔርሙዝ ይዛ ግንቡ በር ላይ ደረሰች።

"ዛሬ ማማው ሥር ብንበላስ?" አላት ሃምፍሪ።

"ለምን?"

"እዚያ አየሩ ጥሩ ነው።"

"ሃምፍሪ፣ ማማው ጣሪያ የለውም። ዝናብ ነው።"

"ዝናብ አትበያት እንጂ፣ ካፊያ ናት።"

ሄስተር ከላይ እስከ ታች አየችው። "ስንት ዓመት እዚያች ጥግ በልተን ዛሬ ማማ ሥር? ምነው፣ ከእመቤት ማቲልዳ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?"

"ምን ያጣላናል!"

"ያልተጣላ ሰው እንዲህ አይቀላም" ብላው ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሄደች። ሃምፍሪ ሊከተላት ሲል እጅጌውን አንድ ሰው ነካው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው እንደ በርበሬ የቀላ ጎረምሳ ነው። አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሆነ ነገር እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ ጨብጧል።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ላስቸግርዎት አልፈለግኩም ነበር። ባርናቢ እባላለሁ። ያቻት እዚያ ጋ፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰችው፣ ፊሊፓ ናት። የከብት ሐኪም ናት። እና ዛሬ… እንግዲህ… ያው…" ኪሱን በዓይኑ አመለከተ።

ሃምፍሪ ገባው። ቀለበት ነው። "የት ላይ አስበሃል፣ ልጄ?"

"የት ላይ ይሉኛል! የጸሎቱ ጥግ ነዋ! አክስቴን ባሏ የጠየቃት እርስዎ ባስጎበኙበት ቀን ነው። እስከ ዛሬ ያወራሉ።"

እዚህ ላይ የሄዘርኮትን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። የሄዘርኮት ሰው ቤቱ ሲቃጠል ቢያይ የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ "ምሳ ላይ ካልሆናችሁ" ብሎ ነው ወሬ የሚጀምረው። ቀጥ ብሎ "ተው፣ ሽንት ቤት ነው" ማለት ለሃምፍሪ በአደባባይ ሱሪውን ከማውለቅ አይለይም። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሊያስረዳው ሞከረ።

"የውሃ ጉድጓዱንስ አስበኸዋል?"

"ጉድጓዱን?"

"ብዙ ሰው ይወደዋል። ጥልቅ ነው።"

"አይ… ጥጓ ትሻለኛለች።"

"ጥጓ ትንሽ ነፋሻ ናት።"

"ችግር የለውም፣ ጌታዬ።"

"ድሮም ነፋሻ ነበረች" አለ ሃምፍሪ ዓይኑን አፍጥጦ። "በድሮ ጊዜማ በጣም ነበር የምትነፍሰው። ከታች ወደ ላይ።"

ባርናቢ ስለ ምክሩ ከልቡ አመስግኖት ሄደ።

የዚያን ዕለት ረፋድ ጎብኚዎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ሃምፍሪ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አስረዝሞ አስጎብኝቶ አያውቅም። በሩ ላይ ስለ ማጠፊያው ብረት አወራ። ጉድጓዱ ጋ ስለ ገመዱ፣ ከዚያ ገመዱን ስለሚገምዱት ሰዎች፣ ከዚያ ገመዱ ስለሚሠራበት፣ ሄምፕ ስለሚባለው ተክል አወራ። የማዕድ ቤቱ ጭስ ማውጫ ጋ ሲደርስ ከሚያውቀው በላይ ማውራት ጀመረ። ተስፋው አንድ ነው፤ ዝናቡ ይበረታል፣ ሰዉ ይሰለቻል፣ አንድ ሰው "በቃን" ይላል። ግን ማን ይበል? ዘጠኙም ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ውሃው በአንገታቸው እየገባ፣ "እንዴት ደስ ይላል" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይሉኝታ ያልገደለውን የሄዘርኮት ሰው ጉንፋን አይገድለውም።

የፈሩት ይደርሳል። ጭስ ማውጫው አለቀ፤ ጥጓ ጋ ደረሱ።

ሄስተር መደቡ ላይ ነጭ ጨርቋን አንጥፋ፣ ሁለት ኩባያ ደርድራ፣ ኬኩን ቆርሳ ተቀምጣለች። ሰዉን ስታይ ቅርጫቷን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀች። "ቀጥል፣ ቀጥል፣ እኔ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ" አለች።

ሃምፍሪ ኮፍያውን አወለቀ። "እመቤት ማቲልዳ…" አለና ቆመ። በአንድ በኩል ሄስተር ኩባያዋን ይዛ ታየዋለች። በሌላ በኩል ባርናቢ ዝምታውን ለእሱ የተሰጠ ምልክት መስሎት፣ ሰው ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ወጣ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ ከቀዳዳዋ አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ፣ አንድ ጉልበቱን አሳረፈ።

"ፊሊፓ" አለ ባርናቢ።

ሃምፍሪ ጎረምሳውን አየው። ጆሮው ቀልቷል፤ እጁ ገና ኪሱ ውስጥ ነው። ይህ ልጅ ከዛሬ አርባ ዓመት በኋላ ደብዳቤ ከአበባ ማሰሮ ሥር ሲቀብር ታየው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሃምፍሪ ራሱ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ያኔ አመለጠው።

"ተነሥ ልጄ! ሽንት ቤት ነው!"

የሚሰማው ከጃንጥላዎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ከልማድ የተነሳ "እንዴት ደስ ይላል" አለችና ደነገጠች።

"የጌቶቹ ሽንት ቤት ነው" አለ ሃምፍሪ፤ አንዴ ከወጣ ወዲያ ምን ቀረው። "ጸሎት አልነበረም። ዳቦም አልተወረወረም፤ የተወረወረው ሌላ ነው። ሐሙስ ነው የነገሩኝ። ሰኞ ሰሌዳ ይተከላል። ይቅርታ አድርጉልኝ።" ይህን ሁሉ ሲል ወደ ሄስተር አላየም፤ ማየት አልቻለም።

ፊሊፓ ጎንበስ ብላ በቀዳዳዋ ወደ ታች ተመለከተች። ከዚያ ለበጎችና ለላሞች የምትስቀው ዓይነት ትልቅ ሳቅ ሳቀች። "ባርናቢ፣ ሽንት ቤት ከሆነማ ቶሎ በል እንጂ፤ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው!"

እውነቷን ነው። ቦታዋ ጠባብ ስለሆነች የቀሩት ሰባት ሰዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በመተላለፊያው አንድ በአንድ ተሰልፈዋል። የመጨረሻው ሰውዬ ደግሞ "ሰልፉ ለምንድን ነው?" ብሎ ከፊቱ ያለውን እየጠየቀ ነበር።

"ታገቢኛለሽ?" አለ ባርናቢ በአንድ ትንፋሽ።

"አገባሃለሁ። አሁን ተነሥና እጅህን ታጠብ።"

ሰዉ አጨበጨበ። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ ዝናቡን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረዱ፤ ሌሎቹም ሃምፍሪን ስለ ግሩም ጉብኝት አመስግነው ተከተሏቸው። ጥጓ ውስጥ ባልና ሚስቱ ቀሩ።

"ሄስተር" አለ ሃምፍሪ ወደ ኮፍያው እያየ፣ "ሐሙስ ዕለት አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ልነግርሽ…"

"አውቃለሁ።"

"ደብዳቤውን አገኘሽው?"

"የምን ደብዳቤ? ሽንት ቤት መሆኑን ነው የማውቀው።"

ሃምፍሪ ቀና አለ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ካየኋት ቀን ጀምሮ።"

"ላግባሽ ስልሽ… ታውቂ ነበር?"

"የእንቁላሉን ነው የምትፈልገው ወይስ የኪያሩን?" አለች ሄስተር። ይህች ጥያቄ በእነሱ ቤት ነገሩ ተዘጋ ማለት ናት። ሃምፍሪ የእንቁላሉን ወሰደ።

አንድ ጊዜ ጎረሰና አቆመ። ሽንት ቤቱን ተወው፤ አሁን ሌላ ነገር ያዘው። ታውቅ ከነበረ ለምን እሺ አለችው? ሄስተርን ያውቃታል። ጎረቤታቸው ሚስስ ክሩክሻንክ በየመኸሩ የምታመጣላትን፣ ድመት እንኳ የማትልሰውን፣ ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ ተክል የተሠራ ማርማላታ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ግሩም ነው" እያለች የበላች ሴት ናት። ጸጉር ሠሪዋ እንደ ተላጨ በግ አድርጋ የቆረጠቻት ጊዜ መስታወት እያየች "ልክ እንዳሰብኩት ነው" ብላ አመስግና ቤቷ ገብታ ያለቀሰች ሴት ናት። ይህች ሰው፣ ሽንት ቤት ውስጥ ተንበርክኮ ላብ በላብ ሆኖ የሚለማመጣትን ፖስተኛ እንዴት ብላ እምቢ ትለዋለች? አሳዝኗት ይሆናላ። ጨዋነት ይዟት ይሆናላ። ማርማላታውን እንደበላችው እሱንም ይሄን ሁሉ ዓመት "ግሩም ነው" እያለች በልታው ቢሆንስ? ሰባ ዓመት ሊሞላው ሁለት የቀረው ሰው፣ ሳንድዊች በእጁ ይዞ፣ ልቡ እንደ ልጅ ፈራ።

ሊጠይቃት ሞከረ። "ያን ቀን… ቸኩለሽ አልነበረም?"

"አውቶቡሱ ሊሄድብን ነበር" አለች ሄስተር ሻይ እየቀዳች።

ከዚህ በኋላ ሊጠይቅ አልደፈረም።

ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ከተማ የአትክልተኞች ማኅበር በአውቶቡስ መጣ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ አብዛኞቹ የሃምፍሪ እኩዮች፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት። ሃምፍሪ ልቡ አብሮት የለም። በሩን በሁለት ቃል አለፈው። አንዱ ሽማግሌ "ግንቡን ማን አፈረሰው?" ብለው ሲጠይቁት፣ "አሳማዎች ናቸው የወረሱት፣ ጌታዬ" አላቸው። እውነት ከተጀመረ ምን ይደበቃል። ሰዎቹ "እንዴት ደስ ይላል" አሉ።

ጥጓ ጋ ሲደርሱ ሄስተር ጨርቋን እያጠፈች ነበር። ሃምፍሪ ኮፍያውን ማውለቅ ረሳ።

"ይሄ ሽንት ቤት ነው" አለ። "እኔም… እኔም እዚህ ነው…" አሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ የተናገራት ዓረፍተ ነገር አልወጣ አለችው።

"እርስዎም እዚህ ምን?" አለች ሐምራዊ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ፤ ከዚያ ምን እንደጠየቀች ሲገባት ፊቷ ቀላ። አሥራ ሁለቱም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

"እኔ ልንገራችሁ" አለች ሄስተር።

ሃምፍሪ ዞረ። ሄስተር ሰው ፊት የምትናገር ሴት አይደለችም። በሠርጋቸው ቀን እንኳ "አዎ" ስትል ያጋቧቸው ቄስ እንድትደግመው ጠይቀዋታል። አሁን የታጠፈውን ጨርቅ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ባሏን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች፣ ለማታውቃቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ማውራት ጀመረች።

"አባቴ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ስለዚህ ይችን ቀዳዳ ገና ከሩቅ ሳያት ምን እንደሆነች አውቄያለሁ። ለዚህ ሰውዬ ግን አልነገርኩትም፤ በዚያን ቀን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ላቡን ይጠርጋል። በሩ ጋ 'ሄስተር' አለኝ። 'አቤት' ስለው 'ደመናው ጠቁሯል' አለኝ። ጉድጓዱ ጋ 'ሄስተር' አለኝ። 'አቤት' ስለው ጥልቀቱን ነገረኝ። ማማው ላይ ደግሞ 'ሄስተር' ብሎኝ ሲያበቃ የደረጃውን ብዛት ቆጠረልኝ። ኪሱ ውስጥ ቀለበት እንዳለ አይቻለሁ፤ ኪሱ ቀዳዳ ነበረው።"

አትክልተኞቹ ሳቅ አሉ። ሃምፍሪ አልሳቀም፤ ትንፋሹን ይዟል።

"እዚህ ስንደርስ ዘጭ ብሎ ተንበረከከ። ከራሱ በስተጀርባ ቀዳዳዋ ትታየኛለች። እሱ ደግሞ 'ሄስተር፣ ካላስቸገርኩሽ፣ ምናልባት ሌላ ያሰብሽው ነገር ከሌለ፣ ቅር ካላለሽ ደግሞ…' እያለ ነው። ሳቄ መጣ። እንዴት እንደመጣ አልነግራችሁም። ብስቅ ግን አለቀልኝ፤ ይህ ሰው አንዴ ከተሳቀበት ዞሮ አይመጣም። ከፋሲካ ጀምሮ እኮ ነው የምጠብቀው! እና ከንፈሬን ነክሼ፣ እንባዬ እስኪወርድ ድረስ ነክሼ፣ ጥያቄውን ሳይጨርስ 'አዎ' አልኩት። እሱ የደስታ እንባ መስሎታል። ግማሹ የደስታ ነው።"

"እንዴት ያለሽ ጨዋ ነሽ!" አለች ባለ ሐምራዊዋ ባርኔጣ። "አታሳፍሪው ብለሽ ነዋ እሺ ያልሽው።"

ሃምፍሪ የፈራው ቃል ይኸው መጣ። ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

"የምን ጨዋነት!" አለች ሄስተር። እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር ሃምፍሪ ሰምቷት አያውቅም። "ማርማላታ ነው እንዴ በጨዋነት የሚዋጠው? ባል እኮ ነው! እምቢ ማለት የማላውቅ መሰለሽ? የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ። ያውም መኪና ነበረው። እኔ ይሄንኛውን ነበር የፈለግኩት። እዚህ ጥግ ባይጠይቀኝ አውቶቡሱ ውስጥ ራሴ ልጠይቀው ነበር። ለዚያ ነው የቸኮልኩት።"

ሃምፍሪ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ሄስተር አሁንም ግድግዳውን እያየች ነው፤ አንገቷ ግን እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። አርባ ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተው፣ በአንድ ገበታ በልተው ያልተነገረው ነገር፣ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ካፖርት ፊት ተነገረ። ለእሱ ብቻ ብትነግረው እፍረት ይገድላት ነበር፤ ለእንግዳ ሰው ስለ ግንብ ማስረዳት ግን ሥርዓት ያለው ነገር ነው።

"ለመሆኑ" አሉ እኚያ ስለ ግንቡ መፍረስ የጠየቁት ሽማግሌ፣ "ጥያቄው መጨረሻው ምን ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች ሄስተር። "አልሰማሁትም። እሱን ይጠይቁት።" ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሃምፍሪ ዞረች።

ሃምፍሪ ጉሮሮውን ጠረገ። የደስታው ብዛት ደረቱን ወጥሮታል፤ እንደ ልማዱ ስለ መስኮቱ ስፋት ማውራት አማረው። ግን ሚስቱ ያን ያህል መንገድ ሄዳለች፤ እሱ አንድ እርምጃ ቢራመድ ምናለበት።

"መጨረሻ አልነበረውም" አለ።

"ምን?" አለች ሄስተር።

"ሳምንት ሙሉ ፖስታ ሳድል የተለማመድኩት እስከ 'ቅር ካላለሽ ደግሞ' ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላዘጋጀሁትም። አንዴ ከተንበረከክኩ ራሱ ይመጣል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። ባትቀድሚኝ ኖሮ…" ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አዞረው። "ባትቀድሚኝ ኖሮ ጫማዬን አስሬ እነሣ ነበር፣ ሄስተር። ዳግመኛም አልጠይቅሽም ነበር። ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ።"

ይህን ሄስተር አታውቅም ነበር። አፏን ከፍታ አየችው። ከዚያ መጀመሪያ ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ፤ ቀጥሎ ያ በከንፈር ንክሻ የታፈነ ሳቅ፣ እስከ ዛሬ ከነወለዱ ተጠራቅሞ፣ ገንፍሎ ወጣ። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። "ጫማዬን አስሬ!" ትልና እንደገና ትጀምራለች። ሳቋ በቀዳዳዋ ወርዶ፣ ከታች ዞሮ፣ በእጥፍ ተመልሶ ይመጣል። ሃምፍሪ አጠገቧ፣ የመሳፍንት ቂጥ የቦረቦረው ድንጋይ ላይ፣ ተቀምጦ እጇን ያዘ፤ ሳያስበው እሱም መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ መሳቁ ይሁን ማልቀሱ መለየት አቃተው።

አትክልተኞቹ የሰው ገመና ማየት ነውር ስለሆነባቸው አሥራ ሁለቱም በአንድነት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ምንም የማይታይበትን የመተላለፊያውን ግድግዳ ትኩር ብለው መመልከት ጀመሩ።